ስሙ 11፣ ጉሮሮው ስንት?
(ስለ አሮጌ ጠመንጃና በእጅ ስለፈሰሰ አረር ልክ)



ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ወደ ደምቢያ ተመድበን ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወርደውን መንገድ የሄደበት ሁሉ ኮላ ድባን ያውቃታል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር አንድ አረጋዊ ዐረፉና ለቅሶ ለመድረስ ሄድን። ሟቹ ከአባታቸው የወረሱት ውጅግራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ቤተ ዘመዱ «ጌታውን ሳይሸኝማ አይቀርም» ብሎ አወረደው።

ጥይት ተፈለገ። ከሣጥን ግርጌ በጨርቅ የተቋጠሩ አራት ጥይቶች ተገኙ፤ ከነሱ ጋር ገና ያልተሞሉ አሥራ አንድ የእርሳስ አረሮች ነበሩ። የጥይቶቹ ቀለሃ የጥንት ነው፤ አረራቸው ግን ኋላ በእጅ የፈሰሰ መሆኑ ያስታውቃል። ማን እንዳፈሰሰው፣ በየትኛው ጠመንጃ ቅርጽ እንደፈሰሰ የሚያውቅ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ከቤተ ዘመዱ አንዱ ወደ ጓደኛችን ዞሮ «መምህር፣ አንቱ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ይዩልን፣ ይኼ ለዚህ ይሆናል?» አለው።

ጓደኛችን ውጅግራ የ11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ መሆኑን አንብቧል። ከኪሱ የተማሪ ማስመሪያ አውጥቶ አረሩ ላይ አጋደመው። 11 ሆነ፤ ወይም 11 መሰለው። «ጠመንጃው 11፣ አረሩም 11። ይገባል» አለ። እኛም አጠገቡ ቆመን ነበር፤ አንዳችንም «ቆይ እስቲ» አላልንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጥፋቱን የምንናገረው «እሱ» ብለን ሳይሆን «እኛ» ብለን ነው።

ጥይቱ ገባ፤ ግን እስከ መጨረሻው አልገባም። አንዱ ጎልማሳ መዝጊያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አልዘጋ አለ። ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለሃው ብቻውን ተመለሰ፤ አረሩ ግን ጠመንጃው ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ፤ ባሩዱም ጥይት ቤቱ ውስጥ ተዘረገፈ። ይህም ባልከፋ! አንድ ወጣት «ይኼኛው ይገፋዋል» ብሎ ሁለተኛውን ጥይት አነሣ። ያኔ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው እጁን ያዙት።

«ቆይ አንተ ልጅ! ፊተኛው ሳይወጣ ኋለኛው ምን ሊሠራ ይገባል?» አሉት። ከዚያም ወደ ጓደኛችን ዞረው፣ «ልጄ፣ አንተ የነገርኸን ስሙን ነው፤ ጉሮሮውንስ ማን ለካው?» አሉ።

በዚያ ለቅሶ ላይ ጠመንጃ አልተተኮሰም።

ሁለተኛው ጥይት ገብቶ ቢተኮስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም። ባሩዱ ሲነድ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም መውጫ ይሻል። ከፊቱ ያለው መንገድ በእርሳስ ከተደፈነ ወይ በርሜሉን ይሰነጥቃል፣ ወይ መዝጊያውን ወደ ተኳሹ ፊት ይወረውራል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ብረት ይህን ይችላል ብሎ የሚገምት ካለ በራሱ ዐይን ላይ ይፈርዳል።

ታዲያ ነገሩ ከምን መጣ? 11 እና 11 እንዴት ሳይገጥሙ ቀሩ?

በመጀመሪያ ጉሮሮ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንግለጽ። ከኋላ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ከመዝጊያው ወደ አፈሙዙ ስንመለከተው ሦስት ክፍሎች እናገኛለን። የመጀመሪያው ጥይት ቤቱ ነው፤ ቀለሃው የሚያርፍበት ሰፊው ክፍል። የመጨረሻው ረጅሙ የበርሜል ውስጥ ሲሆን፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ቦዮች ተቀርጸውበታል፤ አረሩን እያሾሩ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። በሁለቱ መካከል፣ ቀለሃው አልቆ ቦዮቹ ገና ሳይጀምሩ ያለችው አጭር መሸጋገሪያ ጉሮሮ ናት። አጭር ናት እንጂ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ናት። አረሩ ቀለሃውን ለቆ ቦዮቹን እስኪይዝ ድረስ የሚደግፈው እሷ ብቻ ናትና።

አረር በጉሮሮ ውስጥ ያለውን ሥራ ከገንቦ ውታፍ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ውታፉ ከቀጠነ ጠላው ይፈስሳል፤ ከወፈረም ወይ አይገባም፣ ወይ በግድ ሲገፉት የገንቦው አንገት ይሰነጠቃል። የእርሳስ አረርም እንዲሁ ነው። ከጠበበ፣ ማለትም ከቦዮቹ ጥልቀት ካነሰ፣ የነደደው ጋዝ በጎንና በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የባሩድ ጋዝ ሙቀት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ጋዙ የአረሩን ጎን እየላጠ በርሜሉ ውስጥ ይለጥፈዋል። አረሩ ቦዮቹን ሳይዝ ስለሚወጣም አይሾርም፤ እየተገለባበጠ ሄዶ ዒላማው ላይ በጎኑ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ሙያው ያላቸው ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። የፈሰሰ እርሳስ ከቦዩ ወለል እስከ ቦዩ ወለል ካለው ስፋት ጥቂት ይበልጣል፤ ጥቂት ማለት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለት ሦስት እጅ፣ ቢበዛ አምስት እጅ ነው። ከዚያ አልፎ ጉሮሮው ከሚቀበለው ከወፈረ በኛ ላይ የደረሰው ይደርሳል። አንዳንዴም ከዚህ የባሰ ይመጣል፤ ጥይቱ በግድ ይገባና የቀለሃው አንገት በአረሩና በጥይት ቤቱ ግድግዳ መካከል ይጣበቃል። አንገቱ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ አረሩን በጊዜው አይለቅም፤ ግፊቱም ከሚገባው በላይ ይወጣል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ከፀጉር ክር በማይበልጥ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። የጠመንጃ ስም ደግሞ ለዚህ ዐይነት ልዩነት የተሠራ አይደለም።

የ11 ሚሊ ሜትርን ነገር እንመልከት። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበሉት የግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» የሚለው በእኛ አፍ ሲዞር የወጣ ነው። አረሩ 25 ግራም ይመዝናል፤ ከኋላው 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ይኖራል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። «11» የሚባለው ግን ቦዮቹ ሳይቆጠሩ፣ በቦዮቹ መካከል ካለው ጀርባ እስከ ጀርባ ያለው ስፋት ነው። አረሩ መሙላት ያለበት ቦዮቹን ጭምር ስለሆነ ለውጅግራ የሚሆነው አረር 11.3 ገደማ ይመጣል። የኢጣሊያኖቹ ቬተርሊ ደግሞ «10.4» ይባላል፤ በቦዮቹ በኩል ሲለካ ግን ወደ 11 ይጠጋል! የእንግሊዞቹ ማርቲኒ ሄንሪ በስሙ 11.43 ነው፤ ቦዮቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። ግብጾች ይዘውት የመጡት ሬሚንግተን፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1871 ያወጡት ማውዘር፣ እነዚህም ሁሉ «11» ናቸው። እርስ በርሳቸው ግን ጥይት አይዋዋሱም።

ለነገሩ ስምና ልክ መለያየታቸው በጠመንጃ የተጀመረ አይደለም። የኮላ ድባን ስም የሰማ እንግዳ ቆላ ወርዶ ሙቀት የሚጠብቀው ይመስለዋል። ጣና ሐይቅ ራሱ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ ኮላ ድባ ደግሞ ከሐይቁ በላይ ናት፤ ስለዚህ በጂኦግራፊ መጽሐፋችን አመዳደብ ወይና ደጋ ናት ማለት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ያለ ጋቢ ያደርነው እኛ ይህን በተግባር ተምረነዋል።

እነዚህ ጠመንጃዎች ሁሉ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት እንዴት ተገናኙ ለሚለው ታሪክ መልስ አለው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ፣ ከመቅደላ ግርጌ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደር ከአፉ የሚሞላ ጠመንጃ ይዞ ሲገጥም የናፒየር ጦር የያዘው ከኋላው የሚጎርሰውን ሰናድር ነበር። ሰናድር በጦር ሜዳ ሲውል ያ የመጀመሪያው ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብጽ ጦር ብዙ ሬሚንግተን ተማረከ። ውጅግራ በቀይ ባሕር ጠረፍ በፈረንሳይ ነጋዴዎች በኩል ገባ። ቬተርሊን ኢጣሊያኖች ራሳቸው ለምኒልክ ሰጡ፤ ኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደግሞ ከእጃቸው ተማረከ። ከዚያ በኋላ ምንሽር መጣ፣ ሌላም ሌላም መጣ። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ በጎንደር አርበኛው ዋናው ግምጃ ቤቱ ጠላቱ ነበር፤ የጠላት ጦር በጎንደር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በአገራችን የመጨረሻው የጠላት ጠመንጃ ክምችት የቀረው በዚሁ በእኛ አካባቢ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጠመንጃ በምርኮና በገበያ ይመጣል፤ ጥይቱ ግን ሁልጊዜ ተከትሎት አይመጣም። ስለዚህ ጥይት እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር፤ ምሳሌያችን አይደለም፣ በእርግጥ ነበር። ከአድዋ በኋላ በነበሩት ዓመታት የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጋር በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ገንዘብ የሆነን ነገር ደግሞ ማን ይጥላል? ባዶው ቀለሃ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል፤ አረሩም ከእርሳስ በእጅ ይፈስሳል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ በየመንደሩ ከእርሻ ዕቃው ጎን ይህንንም ያውቅበታል። የሚገርመው ሙያ መናቁ ነው እንጂ፣ ይህ ሰው ካሊፐር ሳይኖረው ከላይ የጠቀስነውን የፀጉር ክር ልዩነት በእጁ ያገኝ ነበር።

እንዴት ያገኘው ነበር ወደሚለው እንምጣ። ችግሩ ከብዙ አቅጣጫ ነውና።

አንደኛ፣ እርሳስ ሲቀልጥ ቅርጹን ሞልቶ ይገባል፤ ሲበርድ ግን ይኮማተራል። ስለዚህ አረሩ ከወጣበት ቅርጽ ያንሳል። ንጹሕ እርሳስ ብዙ ይኮማተራል፤ ቆርቆሮ ማዕድን ወይም አንቲሞኒ የተቀላቀለበት ግን ያነሰ ይኮማተራል። በዚህም የተነሣ አንዱ ቅርጽ ከሁለት ዐይነት እርሳስ ሁለት ዐይነት ውፍረት ያወጣል። «ትናንት የገባው ዛሬ ለምን እንቢ አለ?» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከቅርጽ የወጣ አረር ፍጹም ክብ አይደለም። ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተገናኙበት ስፌት ይኖረዋል። ስለዚህ በጠንካራ ብረት ላይ በተቦረቦረ ልክ ቀዳዳ ውስጥ ተገፍቶ ያልፋል፤ ልኩም ይስተካከላል። ልብ በሉ፣ ይህ ቀዳዳ የሚያሳንስ እንጂ የሚያሳድግ አይደለም። የወፈረውን ይሞርደዋል፤ የቀጠነውን ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ቅርጹን ትንሽ ሰፋ አድርጎ ይጀምራል።

ለቀጠነው መላ የተገኘው በሌላ መንገድ ነው። አንደኛው መላ ወረቀት ነው። የውጅግራም የማርቲኒም አረር ከፋብሪካ ሲወጣ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ሒሳቡን እንሥራው፦ ወረቀቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ 5 እጅ ይወፍራል እንበል። አረሩ ላይ ሁለት ዙር ቢጠቀለል በአንድ ጎን 0.1፣ በሁለቱ ጎን 0.2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ወረቀቱ እርሳሱን ከጋዝ ይጠብቃል፤ በርሜሉንም ከእርሳስ ይጠብቃል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ ተቦጫጭቆ ይቀራል። ሁለተኛው መላ የሰናድር ነው። የሰናድር አረር 14.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ከበርሜሉ ይጠባል፤ ነገር ግን ከኋላው እንደ ሲኒ የጎደጎደ ነው፤ ጉድጓዱም በተጠበሰ ሸክላ ተወትፏል። ባሩዱ ሲነድ ሸክላውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የአረሩም ጠርዝ ተነፍቶ ቦዮቹን ይሞላል። ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1849 ሚኒዬ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ካወጣው አረር የመጣ ነው። ልኩን ሰው ሳይሆን ራሱ ባሩዱ እንዲያበጀው ማድረግ ነው፤ ብልህነት ነው።

ሦስተኛውና ለእኛ ለመምህራን ዋነኛው ችግር መለካቱ ነው። ጉሮሮ ውስጥ ማስመሪያ አይገባም። ስለዚህ ሙያተኞች ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ መዝጊያውን አውጥተው፣ ቅባት የተቀባ ለስላሳ እርሳስ በእንጨት ዘንግ በበርሜሉ ውስጥ በቀስታ ይገፋሉ፤ እርሳሱም የቦዮቹን አሻራ ይዞ ይወጣል። አሻራው ይለካል። እዚህ ላይ አንድ የጂኦሜትሪ ወጥመድ አለ። ውጅግራና ቬተርሊ አራት አራት ቦይ ስላላቸው ከአንዱ ቦይ ፊት ለፊት ሌላ ቦይ አለ፤ ካሊፐር ቀጥ ብሎ ይለካዋል። ማርቲኒ ሄንሪ ግን ሰባት ቦይ አለው፤ ከብዙዎቹ ሰናድሮችም ሦስት ቦይ ያላቸው አሉ። ቁጥሩ ጎደሎ ሲሆን ከቦዩ ፊት ለፊት የሚገኘው ጀርባ ነው። ስለዚህ ካሊፐሩ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ነገር ይለካል። መሣሪያው አይዋሽም፤ አያያዙን ያላወቀ ሰው ነው ራሱን የሚያታልል።

ካሊፐር የለም እንበል። አብዛኛው ገጠር ትምህርት ቤት የለውም፤ ያለው ትምህርት ቤትም ብዙ ጊዜ በመስታወት ሣጥን ቆልፎ ለእንግዳ የሚያሳየው ነው። ከለቅሶው በኋላ የተሰነቀረውን አረር ሽማግሌው በእንጨት ዘንግ ገፍተው አወጡትና ለእኛ ሰጡን። ከቤቱም አንድ የጥንት የፋብሪካ አረር ከነወረቀቱ ተገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው በዐይን ልዩነት የላቸውም፤ በማስመሪያም ሁለቱም «11 ነገር» ናቸው። ማታ በፋኖስ ብርሃን ስንከራከር ከመካከላችን አንዱ የልብስ ስፌት ክር አመጣ።

ሥራው እንዲህ ነው። የአንድ ክብ ነገር ዙሪያ ዳያሜትሩ በፓይ ሲባዛ ነው፤ ማለትም በ3.14። ስለዚህ ዳያሜትሩ 11.0 የሆነ ነገር ዙሪያው 34.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 11.3 የሆነው ደግሞ 35.5 ነው። በዳያሜትር 0.3 የነበረው ልዩነት በዙሪያው ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተጠጋ። ክሩን አሥር ጊዜ ብንጠመጥመው ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ ይህን እንኳን እኛ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም በማስመሪያ ያየዋል። እርግጥ ክሩ ራሱ ውፍረት አለው፤ ልኩን ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን አንዱን ክር ለሁለቱም አረር ከተጠቀምን፣ በእኩልም ጥብቀት ከጠመጠምን፣ የክሩ ውፍረት በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚጨመር ልዩነቱን ስንወስድ ይጣፋል። ክሩ ሳይነባበር ጎን ለጎን መጠምጠም አለበት፤ አለዚያ ሒሳቡ ይበላሻል።

አሥሩን ዙር ጠምጥመን ፈታነው። የፈሰሰው አረር ክር ከፋብሪካው አረር ክር በ12 ሚሊ ሜትር በለጠ። 12 ለ31.4 ሲካፈል 0.38 ነው። ስለዚህ «ይገባል» ያልነው አረር ከሚገባው በላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ከዚያም በላይ ይወፍር ነበር። የፈሰሰው በሌላ ጠመንጃ ቅርጽ ነው፤ ምናልባት በማርቲኒ። ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ክሩ ለቅሶው ቤትም ነበር እኮ፤ የሴቶቹ ቀሚስ ላይ» አለ።

ይህን ክር በክፍል ውስጥ ለማስተማር ጠመንጃም ጥይትም አያስፈልግም፤ እንዲያውም ወደ ክፍል ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። እርሳስ መጻፊያና እስክሪብቶ፣ ሻማና የሻማ ማቆሚያ፣ ጠርሙስና ቡሹ ይበቃሉ። ሁለት በዐይን አንድ የሚመስሉ እንጨቶችን ሰጥቶ «የትኛው ይወፍራል?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ ክሩን ማቀበል ነው። ፓይን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ሳምንት ካስተማርንበት ይልቅ በዚህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ልጆቹ የበለጠ ጨብጠውታል፤ ይህን የምንለው ሁለቱንም ሞክረን ነው።

ስለ እርሳሱም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በየቤቱ ያረጀ የመኪና ባትሪ እየተሰበረ እርሳሱ በወጥ ድስት ሲቀልጥ አይተናል። እርሳስ መርዝ ነው። ጭሱና ብናኙ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው፤ የባትሪው አሲድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አረር እንደ ጠጠር የሚጫወቱበት ልጆች በየመንደሩ አሉ። በክፍላችን ውስጥ ትምህርት የሚከብደው ልጅ ስናገኝ «ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚቀልጥ መጠየቅም የእኛ ሥራ ነው።

ሌላው አደጋ የባሩዱ ነው። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ቬተርሊ ሁሉ የተሠሩት ጭስ ለሚያበዛው ጥቁር ባሩድ ነው። ከኋለኛው ዘመን ጥይት የተፈታ ጭስ አልባ ባሩድ በነሱ ውስጥ ቢገባ ልክ የሆነ አረርም አያድንም። እዚህም ስም ያሳስታል። ኢጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ቬተርሊዎችን በርሜላቸውን በውስጥ ሸፍነው ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለውጠዋቸዋል። ከውጪ ለሚያያቸው ያው ቬተርሊ ናቸው፤ ጉሮሯቸው ግን ሌላ ሆኗል። ያ 6.5 ራሱ ደግሞ በስም ብቻ ነው፤ የኢጣሊያኑ 6.5 ቦዩ ሲለካ 6.8 ይደርሳል፤ የሌሎች አገሮች 6.5 ግን ወደ 6.7 ነው። በዚህ ላይ መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን፣ ጥይትም መሥራት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ «መምህር፣ ይኼ ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቀን ትክክለኛው መልስ «አላውቅም፤ አይሞከር» ነው። ይህን መመለስ ከባድ ነው። የተማረ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ዐይን ዐይኑን ሲያየው «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም፤ ጓደኛችንን የጣለው የሒሳብ ጉድለት አልነበረም፤ ይኼው ነው።

በአርባው ወደዚያ መንደር ተመልሰን ሄድን። ሽማግሌው ክራችንን ስናሳያቸው ሳቁ። ከዚያ ከጎተራው ሥር ከሰቀሉት ስልቻ ውስጥ አንድ ነገር አወጡ፤ በቀንድ የተሠራ ቀለበት ነው፤ ጥንት ከአባታቸው የቀረ፣ መሐሉ በጥንቃቄ የተቦረቦረ። «ለዚያ ጠመንጃ የሚሆን አረር በዚህ ያልፋል፤ ያላለፈ አይገባም፤ እያንቀጫቀጨ ያለፈም አይረባም» አሉን። የፋብሪካውን አረር ሰጠናቸው፤ ጠበቅ ብሎ አለፈ። የኛን ሰጠናቸው፤ አፉ ላይ ቆመ። ቀለበቱን ገልብጠን ገልብጠን አየነው፤ ምንም ቁጥር አልተጻፈበትም።

የተሞሉትን ጥይቶች ቤተ ዘመዱ ለሚመለከተው አስረከበ። ውጅግራው መዝጊያው ወልቆ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ያልተሞሉትን አሥራ አንድ አረሮች ግን የሟቹ ልጅ ወደ ጎርጎራ ወስዶ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጣቸው፤ እየቀጠቀጠ የመረቡ ጠርዝ ላይ አሰራቸው። እኛ ባየንበት ቀን መረቡ ሐይቁ ውስጥ ነበር።